ስለ ግል ዩኒቨርሲቲ ለአገራችን ልጆች ምን እንንገራቸው?

ለክረምት ዕረፍት ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የምንሄድ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሳንጠየቅ አንመለስም። ጥያቄውም «አዲስ አበባ ካሉት የግል ዩኒቨርሲቲዎች የቱ ይሻላል?» የሚል ነው። የሚጠይቁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብቻ አይደሉም፤ አባቶቻቸውም ናቸው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ ፌዝ ነው። «ገንዘብ ካለህ ምን ቸገረህ» እንላለን፤ ወይም «እዚያ የሚገባው የወደቀ ነው» ብለን ነገሩን በሳቅ እንዘጋዋለን። ጠያቂው በሬ ሊሸጥ አስቦ እንደሚጠይቀን የተረዳን አንመስልም።

ስለ መውደቅ ከተነሣ እውነቱን እንናገር። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። የእኛ አገር ልጅ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ንፋስ መውጫ ድረስ ሲደርስ ያየ፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ነው። በዚህ መካከል ተምሮ በሌላ በር ለመግባት የሚጠይቅን ልጅ ማፌዝ ምን ይባላል?

የግሉ በር ቢሆን እንዲያው የተገኘ አይደለም። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የግል ከፍተኛ ትምህርት የሚባል ነገር ለረጅም ዘመን አልነበረም። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ጀመረ፤ በ1998 ኮሌጅ፥ በ2002 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ በ2008 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚህ ስም ከተጠሩት የግል ተቋማት የመጀመሪያው እርሱ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። ቅድስት ማርያምም እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሌጅ ሆኖ ተቋቁሞ በ2013 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በርቀት ትምህርቱም እስከ ጠረፍ ድረስ ይታወቃል። ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ ለሚማር ጸሐፊና ነርስ፥ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ለሚያገኝ አስተማሪ በሩን የከፈቱለት እነዚህ ናቸው። እኛ በመንግሥት ማደሪያ ተኝተን፥ በመንግሥት እንጀራ ጠግበን የምንማር ይህን ልናቃልለው አይገባንም።

ይሁን እንጂ ለመጪው ተማሪ ውዳሴ ብቻ ብንነግረው ደግሞ እናታልለዋለን። በግሉ ተቋም በብዛት የሚሰጠው የሒሳብ አያያዝ፥ ማኔጅመንት፥ ኮምፒውተርና የመሳሰለው ነው፤ ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ሊማር የሚመኝ ልጅ ብዙ ምርጫ አይጠብቀው። (ለእኛ ለአርት ፋኩልቲ ልጆች ይህ ነገር ቅር ያሰኘናል፤ ነገር ግን ታሪክ ገበያ የለውም ያለው ባለ ገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።) ክፍያው በክሬዲት ይቆጠራል፤ የሚታሰበውም በየመንፈቁ ነው። ማደሪያ ስለማይገኝ የቤት ኪራይ፥ ምግብና ታክሲ በላዩ ይጨመራሉ። በመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ዕዳ የሚከፈለው ተመርቆ ሥራ ከተያዘ በኋላ ነው፤ የግሉ ግን ዛሬውኑ ይጠየቃል። ከስማዳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን መንፈቅ ከፍሎ ሁለተኛውን ቢያጣ፥ በሬውም ትምህርቱም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አባትየው መጠየቅ ያለበት የአንዱን መንፈቅ ሳይሆን የአራቱን ዓመት ዋጋ ነው።

ከገንዘቡም የሚከፋ አለ። ለዚህ ነገር ከጋይንት ሰው የተሻለ ዳኛ የሚገኝ አይመስለንም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓን በጎጃም ይማረው በሸዋ፥ ምስክር ለመሆን የፈለገ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ቤተልሔም ይመጣል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ አንድ መሪጌታ ለደብሩ ሲመጣለት «የት ተመሰከረ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም የድጓ ምስክር የሆነ ሁሉ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር እንዳልሆነ፥ ለዚያ ዙር አምባ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

እንግዲህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ፈቃዱ ለተቋሙ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፥ ለእያንዳንዱ ቅጥር ግቢ፥ ለመደበኛውና ለርቀቱም ለየብቻ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍም ይታደሳል። በአዲስ አበባው ግቢ የተፈቀደ ትምህርት በክፍለ አገሩ ቅርንጫፍ ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ላይ «ዕውቅና ያለው» የሚል በትልቁ ተጽፎ ሲታይ፥ ለየቱ ትምህርት፥ በየቱ ግቢ፥ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ነው። የመግቢያውን ነጥብም የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ሆነ፥ «ነጥብህ ምንም ቢሆን ለዲግሪ እንመዘግብሃለን» የሚል ደላላ ካጋጠመ መሸሽ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው ለመንግሥቱም ለግሉም አንድ ሲሆን ማለፊያው ሃምሳ ከመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም ዘንድ ሲሰጥ ከግል ተቋማት ከተቀመጡት 72,203 ተማሪዎች ያለፉት 12,422 ነበሩ። ከመንግሥቶቹ ከ77,981 ውስጥ 48,632 አለፉ። እንግዲህ ከግሎቹ ከስድስቱ ያለፈው አንድ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የደከመውን ተማሪ ተቀብለዋል፥ ተማሪያቸውም ከሥራ የሚመጣ ነው የሚል ክርክር ይቀርባል፤ ክርክሩም ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን አራት ዓመት ገንዘብ ተቀብሎ ለፈተናው ሳያደርስ የሚሸኝ ተቋም በዚህ አይድንም። እኛም ብንሆን ከመቶው ሠላሳ ስምንት የሚሆን ወድቆብናልና ደረታችንን ለመንፋት አይመቸንም። የወደቀ ደግሞ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንንገራቸው።

እንግዲህ «የቱ ይሻላል?» ለሚለን ልጅ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ጠርተን አንሸኘው። አስቀድሞ ነጥቡ ለመንግሥቱ ከበቃ ደብረ ታቦር በጎረቤቱ መሆኑን እናስታውሰው፤ አዲስ አበባ ስለ ተባለ ብቻ ትምህርቱ አይሻልም። ነጥቡ ካልበቃ የአቅም ማሻሻያውን ወይም የቴክኒክና ሙያውን መንገድ ያስብ። የግሉን ከመረጠ ግን የትምህርቱን ፈቃድ ከባለሥልጣኑ ያረጋግጥ፤ በመውጫ ፈተናው በዚያ ትምህርት ስንት ተቀምጠው ስንት እንዳለፉ መዝጋቢውን በግልጽ ይጠይቅ፤ መልሱን በሚሸሽ ቢሮ ገንዘብ አይቁጠር፤ የከፈለበትን ደረሰኝ አይጣል።

በበኩላችን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን ይህንኑ በአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ ቢያባዛልን፥ ለክረምት የምንሄደው ልጆች በንፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉት አባቶች ቆመን እናነብላቸዋለን። የወረቀቱን ወጪ ማኅበሩ ከቻለ ማድረሱን እኛ እንችለዋለን።