ለእያንዳንዱ ሲስተም አንድ ፖርት መክፈት ይብቃ

አንድ ትንሽ ድርጅት ሰርቨር ይከራያል። መጀመሪያ ድረ ገጹ ይጫንበታል። ከዚያ የሂሳብ ሲስተሙ ይመጣና 8080 ላይ ይቀመጣል። የሠራተኞች መዝገቡ 8081 ይሰጠዋል፤ የመጋዘኑ ደግሞ 3000። ሠራተኛው አድራሻውን ከነቁጥሩ ወረቀት ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፋል። ሁሉም ይሠራል። የገጠመው ባለሙያም ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ችግሩ፣ «ይሠራል» ማለትና «በትክክል ተሠርቷል» ማለት አንድ አለመሆናቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሰርቨር ዋና በርና ዘበኛ እያለው፣ እያንዳንዱ ተከራይ ግድግዳ አፍርሶ የራሱን በር የከፈተበት ሕንፃ ማለት ነው። ዘበኛው በጎን በር የሚገባውን አያይም። በእነዚህ የጎን ፖርቶች ላይ ብዙ ጊዜ ኤችቲቲፒኤስ አይገጠምም። ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኛዋ የምታስገባው የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ይጓዛል፤ መንገድ ላይ የጠበቀ ሰው እንዳለ ያነበዋል። ከዚያ በኋላ የደመወዝ ዝርዝሩም፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥርም፣ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበትም የእሱ ነው።

መፍትሔው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ደረጃ፣ ብሮውዘር በእያንዳንዱ ጥያቄ የፈለገውን ድረ ገጽ ስም እንዲናገር ያስገድዳል። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» እንደሚለው ሁሉ፣ ዌብ ሰርቨሩም ስሙን አይቶ ወደ ትክክለኛው ሲስተም ይመራል። ቨርቹዋል ሆስት የሚባለው ይኸው ነው። አፓቼም ኤንጂንኤክስም ይህን ያውቁበታል። ሂሳቡም መጋዘኑም የየራሳቸው ንዑስ ስም ይኖራቸዋል፤ ሁሉም በ443 ይገባሉ፤ 80 የመጣውን ወደ 443 ከመላክ ውጪ ሥራ አይኖረውም። ሲስተሞቹ 8080 እና 3000 ላይ መቆየት ይችላሉ፤ ግን 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጡ ይደረጋል። ያኔ ከውጭ በቀጥታ የሚደርስባቸው የለም።

ስሙ ያልተመዘገበ ጥያቄ ሲመጣ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው በቀር፣ ሁለቱም ሰርቨሮች መጀመሪያ ለተጻፈው ሆስት ይሰጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው የሂሳብ ሲስተሙ ሳይሆን ምንም የማያሳይ ባዶ ሆስት ይሁን።

ዋጋ ምክንያት አይሆንም። ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰርተፊኬት በነጻ ይሰጣል።

«ቁጥሩን ማን ያውቀዋል?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ አወጡ። መሣሪያው አንድን ፖርት በዓለም ባሉ የአይፒቪ4 አድራሻዎች ሁሉ ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ እንደሚችል አሳዩ። 8080 እና 3000 ደግሞ ማንም ቀድሞ የሚሞክራቸው ቁጥሮች ናቸው።

«ፋየርዎል አለን» የሚሉም አሉ። ዶከር የሚጠቀሙ ከሆነ መለስ ብለው ይዩት። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ደንብ ስለሚጽፍ፣ በዩኤፍደብልዩ ተዘግቷል የተባለው ፖርት ከውጭ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ከፖርቱ ቁጥር ፊት 127.0.0.1 ካልተጻፈ፣ በሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው።

ለሙከራ ፖርት መክፈት ነውር የለበትም። ነውሩ ሙከራው ሥራ ሆኖ ሲቀር ነው። መረጃው ሲሾልክ ደግሞ የሚጎዳው ክፍያውን ተቀብሎ የሄደው ባለሙያ ሳይሆን፣ ስሙና ደመወዙ መዝገቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። የድርጅት ባለቤት ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የተሰጠውን አድራሻ ይመልከት። ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ቁጥር ካለ፣ ሥራው አላለቀም።