ፖል ስታር ሲመዘኑ

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሶሲዮሎጂስቱ ፖል ስታር ቋሚ የመምህርነት ቦታ ሲነፍጋቸው፣ መጽሐፋቸው ገና በዋዜማው ዓመት የፑሊትዘርንም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚመኙትን የባንክሮፍትንም ሽልማት ወስዶ ነበር። ያኔ ይሰማ የነበረው ትችት ሥራቸው ታሪክና ትረካ ይበዛዋል፣ ስሌት ይጎድለዋል፣ ወደ ጋዜጠኝነት ያደላል የሚል ነበር። ፕሪንስተን ተቀበላቸው፤ ሥራቸውንም እዚያው ቀጠሉ። አርባ ዓመት አልፎ ሥራቸው በሙሉ ከፊታችን ሲቀርብ የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ ይህ ነው፤ ሃርቫርድ ተሳስቷል። ስሕተቱም አንድ ሰው በመበደል ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። ሕዝብ ሊያነበው የሚችል ጥናት ከጥናት በታች ነው የሚል መልእክት ለወጣት ተመራማሪዎች ሁሉ አስተላልፏል።

ሽልማቶቹን ያስገኘላቸው፣ በ1982 የታተመው የአሜሪካን ሕክምና ማኅበራዊ ለውጥ የሚተርከው መጽሐፍ የተነሣበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ሐኪም በአብዛኛው ገቢው ትንሽ፣ ክብሩ አጠራጣሪ፣ ከመድኃኒት ቀማሚውና ከየዓይነቱ ፈዋሽ ጋር በሽተኛ የሚሻማ ሰው ነበር። ታዲያ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ባለጸጎችና ባለሥልጣን ባለሙያዎች ተርታ እንዴት ገባ? የተለመደው መልስ ሳይንስ አደገ፣ ሐኪሙም አብሮ አደገ ነው። ስታር ይህ እንደማይበቃ አሳዩ። የፈቃድ ሕግ ወጣ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሆስፒታሎች በሐኪሞች ቁጥጥር ሥር ገቡ። ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የወጣው የ1910ሩ የፍሌክስነር ሪፖርት የትምህርቱን ጥራት ከፍ እንዳደረገ አይካድም፤ ግን ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ፣ የተረፉት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው። ለሙያው መመዘኛ ሲወጣ ማን በሙያው ውስጥ እንደሚቀርም አብሮ ይወሰን ነበር።

መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍሉ የሚነግረን ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለነጻነቱ ሲል የመንግሥትን የጤና መድን አጥብቆ ተዋጋ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቀረቡትን ዕቅድ ለማክሸፍ በ1949 የቅስቀሳ ባለሙያዎች ቀጥሮ ከፍተኛ ገንዘብ አፈሰሰ፤ አሸነፈም። ስታር ገና በ1982 ያስጠነቀቁት ከመንግሥት የሸሸው ሐኪም በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ነው። ዛሬ ከአሜሪካ ሐኪሞች የሚበዙት የራሳቸው ክሊኒክ የሌላቸው ተቀጣሪዎች ናቸው። ማስጠንቀቂያው ይህን ያህል መድረሱ ብቻውን ለመጽሐፉ በቂ ምስክር ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የዚህን ታሪክ ውጤት በየወሩ በደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያዩታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨምር ሲከለክል ቀጣሪዎች በጤና መድን ሠራተኛ መሳብ ጀመሩ፤ የ1954ቱ የግብር ሕግ ደግሞ መድኑን ከግብር ነጻ አድርጎ አጸናው። በ1965 አረጋውያን ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን አገኙ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሽፋን ያገኘው ሕዝብ ብዙ ሆነ፤ ያለውን እንዳያጣ ስለሚፈራም ለቀሩት የሚደረግን ለውጥ በጥርጣሬ ያየዋል። ስታር ይህን የፖሊሲ ወጥመድ ይሉታል። ሥራውን ሲለቅ መድኑም አብሮ የሚቀርበት ወገናችን የወጥመዱን ትርጉም ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ምስጋናችን ወሰን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስታር በ1993 የፕሬዚዳንት ክሊንተን የጤና ዕቅድ ሲዘጋጅ በዋይት ሐውስ አማካሪ ነበሩ። የሕጉ ረቂቅ 1,342 ገጽ ሆነ። የመድን ኩባንያዎች ማኅበር አንድ ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዕቅዱ የሚጨነቁበትን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራጨ፤ በመስከረም 1994 ዕቅዱ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ሞተ። ወጥመዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው ያሉበት ቡድን፣ የሚፈራ ሕዝብ ሊረዳው የማይችል ሰነድ ይዞ መቅረቡ ከባድ ጉድለት ነው፤ ጠላት በርትቶ ነበር በማለት ብቻ አይታለፍም። ስታርም አላለፉትም። በማግሥቱ ዓመት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መሞከሩንና መዘግየቱን በግልጽ ጻፉ፤ በ2011 ደግሞ የመቶ ዓመቱን የጤና መድን ትግል ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ ብዙ ምሁራን ሲወጡ የሚጽፉት ለራሳቸው መከላከያ ነው። ስታር የጻፉት ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅም ነው፤ ይህም ለእኛ ከሽልማቶቹ ይበልጣል።

ከጤናው ጎን ለጎን የጻፉት የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ በ2004 ወጣ። የአሜሪካ ፕሬስ ለምን ቀድሞ ሰፋ ለሚለው መልሳቸው ከመሣሪያው ይልቅ ሕጉን ያስቀድማል። በ1792ቱ የፖስታ ሕግ ለአንድ ደብዳቤ እንደ ርቀቱ ከ6 እስከ 25 ሳንቲም ሲከፈል፣ ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም ወይም በአንድ ሳንቲም ተኩል ይጓጓዝ ነበር። መንግሥት ወሬ እንዲዳረስ ከፈለ፤ ምን ይጻፍ የሚለውን ግን አልያዘም። በ2009 ጋዜጦች በየከተማው ሲዘጉ ስታር ዘመናቸው ማብቃቱ ለሙስና በር እንደሚከፍት ጽፈው ነበር፤ ለማንኛውም አዘጋጅ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። ራሳቸውም በ1990 ከሮበርት ካትነርና ከሮበርት ራይሽ ጋር ዘ አሜሪካን ፕሮስፔክት የተባለውን መጽሔት መሥርተዋል።

በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህ ሁሉ አንድ ክር ይዘዋል፤ መጀመሪያ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ሥር ሰድዶ ኋላ ለመንቀል ያስቸግራል። ይህን አሳብ ከአሜሪካ ውጭ የምንፈልገው እኛ ነን። በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ለመደበኛ ተቀጣሪዎች የታሰበው ይህ መድን ግን ትግበራው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ለገበሬውና ለመደበኛ ተቀጣሪ ላልሆነው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፋ። ደመወዝተኛው በአንድ ቋት፣ ገበሬው በሌላ ቋት የሚለው አከፋፈል ገና ትኩስ ነው። አንዴ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድርሻ መጠበቅ ከጀመረ በኋላ ማዋሐዱ ምን ያህል እንደሚከብድ የአሜሪካ ታሪክ ይመሰክራል። ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የምክር ቤት አባላት ሁለቱ ቋቶች አንድ የሚሆኑበትን መንገድ አሁን፣ በሕዝብ ፊት እንዲከራከሩበት እንጠይቃለን። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የዕድገት ኮሚቴዎችም ስለ ጤና፣ ስለ ፕሬስና ስለ አስተዳደር በአማርኛም ሆነ በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ለሕዝብ የሚጽፍን መምህር ሥራ ከምርምር እንዲቆጥሩለት እንጠይቃለን።