በአምባ አላጌ ጎዳና

የሰሜን ጦርነቶችን ታሪክ ከመጽሐፍ ያጠና ወጣት የዘመቻውን ዓመተ ምሕረትና የአዝማቾቹን ስም ሳይሳሳት ይቈጥራል። ዳገቱ ምን ያህል ያደክም እንደ ነበር፣ ውሃውም ከየት ይቀዳ እንደ ነበር ቢጠየቅ ግን መልስ ያጥረዋል። ይህን ጉድለት የሚሞላው መሬቱ ራሱ ነው እንላለን።

ከማይጨው ወደ መቀሌ በቀድሞው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው አምባ አላጌን ይወጣል። በዚህ ተራራ ላይ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የራስ መኰንን ቀዳሚ ጦር ሜጀር ቶሴሊን ድል አደረገ። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ያዘው፤ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የአኦስታው መስፍን እዚያው ላይ እጁን ሰጠ። ነገሩ አጋጣሚ አይደለም፤ በሩን የያዘ መንገዱን ይይዛልና። ከመኪናው ወርዶ ገደሉን ቁልቁል የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም።

መቀሌም እንዲሁ ነው። በእንዳ ኢየሱስ የነበረው የኢጣልያኖች ምሽግ በውጊያ አልደፈር ቢል ወገን ምንጩን ያዘበት፤ ምክሩም የእቴጌ ጣይቱ እንደ ነበር ይነገራል። በጥር 1888 ዓ.ም. ጥም የጠናበት ጠላት ምሽጉን ለቆ ወጣ። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በዚሁ ስም ይጠራል። ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ምሽጉ ከነበረበት ተነሥቶ እስከ ውሃው ድረስ በእግሩ ቢሄድ አንድ ምዕራፍ ከማንበብ የበለጠ ይገባዋል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ተራራን ወደ ከተማ ማምጣት አይቻልም። ለመታሰቢያ የሚመደብ ገንዘብ ከፊሉ ለተማሪዎች አውቶቡስ፣ መንገዱን ለሚመሩ ያገር ሽማግሌዎች አበልና በትግርኛና በአማርኛ ለሚጻፍ ሰሌዳ ቢውል እንመርጣለን።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቈየው ጦርነት በዚሁ አገር ብዙ አዲስ መቃብር አስቈፍሯል። ከመሐል አገር የሚሄድ ወጣት ሹም በኀዘን ቤት ደጃፍ እንደሚያልፍ ይወቅ፤ ፉከራውን ይተው። ማይጨው ላይ አንድ ሌሊት ይደርና ሰዎቹን ያነጋግር። ስለ 1928 ጠይቆ ስለ 2013 ቢመልሱለት፣ አቋርጦ ወደ ጥያቄው ሊመልሳቸው አይገባም።