ከቁጥሩ በፊት እጁ፦ ስለ ልብ አልትራሳውንድ ሥልጠና አንድ አስተያየት

የልብ አልትራሳውንድ ወይም ኢኮ መሥራት የጀመረ ሐኪም ደጋግሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «እስካሁን ስንት ሠራህ?» የሚል ነው። ጥያቄው መሠረት አለው። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት የብቃት መግለጫ የአንደኛ ደረጃ ሠልጣኝ 75 ምርመራዎችን በራሱ እጅ እንዲሠራና 150 ምርመራዎችን እንዲተረጉም፣ የሁለተኛ ደረጃ ሠልጣኝ ደግሞ 150 እንዲሠራና 300 እንዲተረጉም ይጠይቃል። ቁጥር ለቁጥጥር ያመቻል። ነገር ግን የሚነግረን ሠልጣኙ መሣሪያውን ስንት ጊዜ እንደያዘ እንጂ ያወጣው ምስል እውነተኛ ስለመሆኑ አይደለም። በእኔ እምነት ጀማሪ በሽታን ለይቶ ከማወቁ በፊት የገዛ እጁን ስሕተት ከበሽታ መለየት ሊማር ይገባል።

ምክንያቱ በምርመራው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በኢኮ ምስሉን የሚፈጥረው የመርማሪው እጅ ነው። መመርመሪያው ከልብ ጫፍ ትይዩ መቀመጥ ሲገባው ጥቂት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የግራው ቬንትሪክል አጥሮና ክብ መስሎ ይታያል። እውነተኛው የልብ ጫፍ ከምስሉ ውጭ ስለሚቀር፣ በዚያ ያለ የግድግዳ ድክመት ወይም የረጋ ደም ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ የልብ የመግፋት አቅምም ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊለካ ይችላል። መሣሪያው ግን አያስጠነቅቅም፤ የተሰጠውን ምስል ተቀብሎ ቁጥሩን ያወጣል።

በዶፕለር ልኬት ስሕተቱ በስሌት ሊታይ ይችላል። የአኦርታ ቫልቩ በጠበበ ሕመምተኛ ላይ እውነተኛው የደም ፍጥነት በሴኮንድ 4 ሜትር ነው እንበል። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በ4 ሲባዛ ከፍተኛው የግፊት ልዩነት 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ጨረሩ ከደሙ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚለካው ፍጥነት ወደ 3.5 ሜትር ገደማ፣ የግፊት ልዩነቱም ወደ 48 ይወርዳል። 4 ሜትር የከባድ ጥበት መነሻ ስለሆነ፣ ከባዱ ሕመም በወረቀት ላይ «መካከለኛ» ተብሎ ይጻፋል። ሕመምተኛው ቫልቩን የማስቀየር ውይይት ሳይደረግለት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ይህ የሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢኮ ልኬቶች የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም መረጃ ናቸው። ልኬቱን ማን እንደወሰደና በሁለት መርማሪዎች መካከል ምን ያህል ልዩነት እንደታየ የማይገልጽ ጥናት፣ ስታቲስቲካዊ ትንተናው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ መሠረቱ ያልተፈተሸ ቤት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሠልጣኞች ልምምዱን በጤነኛ ባልደረቦቻቸው ላይ ይጀምሩ፤ ጤናማነቱ አስቀድሞ በተረጋገጠ ልብ ላይ የታየ እንግዳ ነገር በአብዛኛው የእጅ ስሕተት ነውና ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሪፖርት የምስሉ ጥራትና በሚገባ ያልታየው ክፍል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ አሠልጣኙ የሠልጣኙን ውጤት ሳያይ በዚያው ሕመምተኛ ላይ ልኬቱን ይድገም፤ ልዩነቱም በሠልጣኙ መዝገብ ላይ ይስፈር።

«ወረፋው ረጅም፣ አሠልጣኙ ጥቂት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ፤ እውነትም ነው። ሆኖም ድግግሞሹ ለሁሉም ሕመምተኛ አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ሕመምተኞች እንኳ በዚህ መንገድ ቢታዩ፣ መዝገቡ ሠልጣኙ ስንት እንደሠራ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱ እየጠበበ መምጣቱን ጭምር ያሳያል። «አልታየኝም» ብሎ መጻፍም የድክመት ምልክት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ያላየውን እንዳየ አድርጎ የሚጽፍ ጀማሪ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ከፋዩም ሕመምተኛው ነው።