ፓምፑ ይቆየን
አንዱ ሻወር ሲከፈት የሌላው ውሃ ክር ካከለ፣ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታየው ፓምፕ መግዛት ነው። እኔ ግን ቱቦው ይቅደም ባይ ነኝ። ከጣሪያ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከከፍታ ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ቢበልጥ እንግዲህ 0.3 ባር መሆኑ ነው። ይህችኑ ግፊት ሁለት መታጠቢያ ቤት በአንድ ግማሽ ኢንች ቱቦ ሲሻማባት ምን ሊተርፍ! ዋናው መስመር ሦስት አራተኛ ኢንች ቢሆን የውሃው መተላለፊያ በእጥፍ ገደማ በሰፋ ነበር፤ ቤቱ ሲሠራ ግን ቁጠባው የሚጀምረው ግድግዳ ውስጥ ከሚቀበረው ነገር ነው። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። አንዱን ሻወር ብቻውን ክፈቱት። ያኔም ከደከመ የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ፣ ቀዳዳዎቹን የደፈነው ነጭ ነገር እስኪለቅ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ብቻውን ደህና ሆኖ ሁለተኛው ሲከፈት ከደከመ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን አይቀርም፦ ከሮቶው ሥር ያለው ቫልቭ በግማሽ ተዘግቶ፣ ወይም የቆየውን የብረት ቱቦ ዝገት አጥብቦት ይሆናል። ይህ ሳይታይ የሚገዛ ፓምፕ የመብራት ሂሳብ ይጨምራል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ እሱም የለም።