22 ዓመት ለሐሰት፣ 20 ዓመት ለደም

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በዴንቨር የተሰየመው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁን በ22 ዓመት እስራት ቀጣው። ሰውየው ወደ አሜሪካ የገባው በ2004 ከኬንያ በስደተኝነት ነበር፤ የገባውም በራሱ ስም ሳይሆን ሀብተአብ በርሄ ተማኑ በሚል የሌላ ሰው ስም፣ የማይወልዳቸው ልጆች አባት ሆኖ ተመዝግቦ ነው። በ2010 በዚያው ስም ዜግነት ተሰጠው። በ2011 ግን በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተኛ 15 በሚባለው እስር ቤት ታስሮ የነበረ ሰው በዴንቨር አንድ የኢትዮጵያውያን ካፌ ውስጥ አየውና ለየው። በነሐሴ 2012 ተያዘ፤ በጥቅምት 2013 ጥፋተኛ ተባለ። የቀድሞ እስረኞች በዳኛ ጆን ኬን ፊት ቆመው በዚያ ግቢ የተፈጸመውን ግርፋትና ግድያ መሰከሩ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 ቅጣቱን አጸናው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው የተፈረደበት በገዳይነት አይደለም። ክሶቹ ዜግነትን በሕገ ወጥ መንገድ ማግኘት፣ በኢሚግሬሽን ሰነድ ማጭበርበርና የሌላን ሰው ማንነት መጠቀም ነበሩ። በከፍተኛ 15 የሆነው ነገር የሆነው በሌላ አገር ነው፤ አሜሪካ በውጭ አገር የተፈጸመን ግርፋት የምትቀጣበትን ሕግ ያወጣችውም ገና በ1994 ነው። ዳኛው ከተለመደው የቅጣት መመሪያ እጅግ ርቀው ሕጉ የፈቀደውን የመጨረሻ ቅጣት የወሰኑት ከሐሰቱ ጀርባ ያለውን ደም አይተው ነው፤ የጥፋተኝነት መዝገቡ የሚናገረው ግን ስለ ወረቀት ነው። ሕግ አጥር አለው፤ በአጥሩ ውስጥ የሚቻለውን ስላደረገ ሊወቀስ አይገባም።

ወቀሳ የሚገባው አጥር የሌለው ትምህርት በእጃቸው ይዘው ከፍርድ ቤቱ ያነሰ ለሚናገሩ ነው። የክርስትና ትምህርት ልብን እንኳ እመረምራለሁ ይላል፤ ሰው ሁሉ በኃጢአት እንደወደቀና በራሱ ኃይል ሊነሣ እንደማይችል ያስተምራል። ከኮልፋክስ እስከ ሃቫና ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ በተቀራረበበት አካባቢ ይህ ትምህርት በየሳምንቱ ይሰበካል። ሆኖም እንዲህ ያለ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በስደተኛው መካከል የሚሰሙት አነጋገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እሱ አውሬ ነው፤ ከእኛ ወገን አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን፤ ማን በማን ላይ ይፈርዳል? ለእግዚአብሔር እንተወው» ይላል። የመጀመሪያው ኃጢአትን የሌላ ፍጥረት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው በሁሉ ላይ በትኖ የማንም እንዳይሆን ያደርገዋል። ሁለቱም የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው፤ ማንም የራሱን ስም ሳይጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለተኛው አነጋገር መንፈሳዊ ስለሚመስል ይበልጥ አደገኛ ነው። ሰው ሁሉ በድሏል የሚለው የጳውሎስ ትምህርት በሮሜ መልእክት ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ሐዋርያው በመጀመሪያ የአሕዛብን ነውር ይዘረዝራል፤ አንባቢው ራሱን እየነቀነቀ መስማማት ሲጀምር ወደ እርሱ ዞሮ፣ ፈራጁ ራሱ ያንኑ እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ሁሉን የሚያጠቃልለው ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ማምለጫውን ሁሉ ሊዘጋ ነው። ነቢዩ ናታን ከዳዊት ጋር የያዘውም ይህን መንገድ ነው። ንጉሡ በበግ ቀሚው ላይ ሞት ከፈረደ በኋላ ቀሚው እርሱ ራሱ መሆኑን ሰማ። ናታን ሥጋ ለባሽ ሁሉ ይሳሳታል ብሎ አላጽናናውም፤ ኦርዮን በስሙ፣ ሚስቱንና የአሞናውያንን ሰይፍ እየጠቀሰ ነገረው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1960ዎቹ ትውልድ ይህን ትምህርት ኋላ ቀር ብሎ ንቆት ነበር። ትውልዱ ኃጢአት የሚለውን ቃል ቢጥልም መዳን የሚለውን አልጣለም። ክፋት ከሰው ልብ ወጥቶ ወደ መደብ ተዛወረ፤ ጠላት የተባለው መደብ ሲወገድ ክፋትም አብሮ እንደሚወገድ ታመነ። ደርግ፣ ኢሕአፓና መኢሶን በብዙ ነገር ተጣልተው ተጨራርሰዋል፤ በዚህ ግን አልተጣሉም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1977 በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብር የፈጸመው ሥርዓተ አምልኮ የጎደለው አልነበረም፤ መሠዊያም፣ ምእመንም፣ ደምም ነበረው። የሌላው ሰው ደም መሆኑ ነው ልዩነቱ። በደለኛነቱን የማያውቅ ሰው አዳኝ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሚሻ ከዚያ ዘመን የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ስለዚህ በከፍተኛ 15 የቆመውን ዘብ አውሬ ማለት ታሪኩን መሸሽ ነው። ከእርሱ ጋር በየቀበሌው ጠመንጃ የያዙት አብዛኞቹ ለአካለ መጠን በደረሱ ማግሥት የነበሩ፣ ክርስትና የተነሡ ወይም በመስጊድ ያደጉ፣ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። የተለየ ተፈጥሮ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፈቃድ ነው፤ ከላይ የመጣ ፈቃድ፣ ከውስጥም ያልተቃወመው ፈቃድ።

የጥንት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በተሻለ ጥንቃቄ ታስብ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በጻፋቸው ቀኖናዎች ውስጥ አስቦ ሰው የገደለና ንስሐ የገባ ሰው ከቅዱስ ቁርባን 20 ዓመት ይከለከላል። አራቱን ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ የሚገቡትን እንዲጸልዩለት እየለመነና ኃጢአቱን እየተናገረ ያለቅሳል። አምስቱን ከቃሉ ሰሚዎች ጋር፣ ሰባቱን ተንበርክከው ከሚጸልዩት ጋር ይቆያል፤ የቀሩትን አራት ዓመታት ከምእመናኑ ጋር ይቆማል፤ ሥጋ ወደሙን ግን አይቀበልም። በጦርነት የገደሉ ወታደሮች እንኳ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን እንዲታቀቡ ባስልዮስ ይመክራል። ሁሉም ኃጢአተኛ ነው ማለት ኃጢአት ሁሉ እኩል ነው ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ሥርዓት ያንብብ። ዳኛ ኬን ለሐሰት የቆጠሩት 22 ዓመት ነው፤ ባስልዮስ ለደም የቆጠረው 20 ነው። ልዩነቱ ግን በቁጥሩ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው ተፈራጁ ዝም ቢልም ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ተነሳሒው በደጅ ቆሞ ካልተናገረ አይጀመርም።

ዛሬ ይህ ደጅ የት አለ? በኦርቶዶክሱ ዘንድ ንስሐ አባቱ ጾምና ስግደት ሰጥቶ የሚሸኝበት ኑዛዜ አለ፤ በፕሮቴስታንቱ ዘንድ አሮጌው ሰው ሞቶ አዲስ ፍጥረት ሆኛለሁ የሚል ምስክርነት አለ። ሁለቱም በየቦታቸው ቅዱስ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ተበዳዩ የማይታይባቸው ከሆኑ የሐሰት ስምን ያህል ያገለግላሉ፤ ሰው አሮጌ ማንነቱን ትቶ በአዲስ ወረቀት እንዲገባ ያስችላሉ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ባስተናገደ ጊዜ የተናገረው ስለ ውስጣዊ ሰላሙ አልነበረም። ስለ ገንዘብ ነበር፤ ለድሆች ስለሚሰጠው እኩሌታና ለተበደለው በአራት እጥፍ ስለሚመልሰው። ጌታም መዳን ለዚያ ቤት እንደሆነ የተናገረው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የመዳን ትምህርት ከሥነ ምግባር ትምህርት የሚለይበት ነጥብ ይገኛል። ቀራጩ ገንዘብ ሊመልስ ይችላል፤ ገዳይ ግን የገደለውን ልጅ ለእናቱ ሊመልስ አይችልም። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው ድርሰቱ ንስሐ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ይጠይቃል፤ መልሱም የሰው ውድቀት ከስሕተት አልፎ ወደ ሞትና ጥፋት ስለደረሰ ነው የሚል ነው። ዕዳው ከባለዕዳው አቅም በላይ ሆኗል። አዳኝ ያስፈለገውም ሙታንን ማስነሣት የሚችለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚህ የሚከተለው ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ሕይወትን መመለስ ያልቻለ ሰው ሊመልሰው የሚችለው አንድ ነገር ይቀረዋል፤ እርሱም እውነት ነው። ማን እንደተገደለ፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ የት እንደተቀበረ።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ቀይ ሽብርን ያላየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን አስከሬን በየመንገዱ ይጣል ነበር፤ ለጥይቱ ዋጋ ክፈሉ የተባሉ፣ ማልቀስ የተከለከሉ፣ ያለ ፍትሐት የቀሩ ቤተሰቦች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን አለቆች እንኳ ከዚህ አልተረፉም። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገድለው አፅማቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። የሚያውቁ ሰዎች ለ12 ዓመት ዝም ብለው ነበር።

ሦስተኛ ወገን ቸርነት ሲያደርግ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በ2010 መጨረሻ የኢትዮጵያ የሃይማኖት መሪዎች ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ጠየቁ፤ በ2011 የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። ሰው አለመሰቀሉ ክርስቲያንን ሊያሳዝን አይገባም። ነገር ግን አንዳንድ የተጎጂ ቤተሰቦች ሳንጠየቅ ተማለደብን ብለው ያሰሙት ቅሬታ ከፖለቲካ ቂም የመነጨ አልነበረም፤ ሥነ መለኮታዊ ክብደት ነበረው። የተበደለው ሳይሰማ የሚሰጥ ይቅርታ የሌላ ሰው ንብረት መስጠት ነው። በዚያው ዓመት በዴንቨር ካፌ አንድ የቀድሞ እስረኛ ፊትን ከስም ለይቶ ያወቀው፣ ዕርቁ ሳይደርስበት ስለቀረ ሊሆን ይችላል።

ፖሊሲ የሚያጠናው፣ ሪፖርት የሚጽፈውና በጉባኤ የሚናገረው ምሁር ስደተኛ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ቢያነብ እንኳ ይህ ሁሉ የካህናት ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የእርሱ ቃላት ተቋም፣ ተጠያቂነትና የሽግግር ፍትሕ ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት በሚያዝያ 2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ካጸደቀ ወዲህ ስለ ልዩ ፍርድ ቤት፣ ስለ እውነት አፈላላጊ አካልና ስለ ካሳ ብዙ ተጽፏል። ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ግን አንድ ነገር ይገለጣል፤ እያንዳንዱ ወገን የሚጠይቀው የሌላውን ወገን ወንጀለኞች ስም ነው። ሁሉም ከሳሽ የሆነበት የእውነት ኮሚሽን ምስክር አያገኝም። ኃጢአት የሚለው ቃል ከፖሊሲ መዝገበ ቃላት ሲወጣ ባዶ የቀረው ቦታ ይህ ነው፤ በአንደኛ መደብ፣ በነጠላ ቁጥር የሚነገር ዐረፍተ ነገር ጠፋ። የራስን ወገን በደል መናገር ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው የሚለው መከራከሪያም አዲስ አይደለም፤ በ1970ዎቹ የጓድነት ሕግ ነበር።

ደግሞም ጉዳዩ የድሮ አይደለም። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት፣ ስደተኛው ገንዘብ ልኳል፣ ቪዲዮ አሰራጭቷል፣ ያልሞቱትን ሞቱ፣ የሞቱትን አልሞቱም ብሏል። ጠመንጃ ያልነካ ሰው እጄ ንጹሕ ነው ይላል። ባስልዮስ በግንባር ለተዋጋው ሦስት ዓመት ከመከረ፣ ከአውሮራ ሆኖ በስልኩ ለተዋጋው ስንት ይመክር ነበር? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በአንድ ቅዳሴ ላይ የቆሙ ሰዎች በአንዱ ወገን ሙታን ላይ ብቻ ሲያለቅሱ፣ ሰባኪውም የጾም ምግብንና ዘፈንን ከመንቀፍ አልፎ ይህን ሳይነካ ሲወርድ፣ የኃጢአት ትምህርት ከወጥ ቤት አልወጣም ማለት ነው።

ኑዛዜ ምስጢር ነው፤ ካህኑ ሊያወጣው አይችልም፣ ሊያወጣውም አይገባም። ቀኖናውን የሚወስነው ግን ካህኑ ነው። የከፍተኛ 15 ዘብ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይሁን አይሁን ለክርክሩ ለውጥ አያመጣም፤ የሚያከራክረው ሄዶ ቢሆን ምን ይሰማ ነበር የሚለው ነው። በ1977 ሃያ ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ዛሬ ሰባ ሊሞላቸው የቀረበ ወይም ያለፉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከገዳዩም ከተገዳይ ቤተሰብም ወገን በዴንቨርና በአውሮራ በአንድ አውደ ምሕረት ፊት ሊገናኙ ይችላሉ። ከእነርሱ አንዱ ነገ ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ፓስተሩ ቀርቦ «እኔ በዚያ ግቢ ነበርኩ» ቢል፣ አርባ ስግደት ሰጥተው፣ ወይም እጅ ጭነው ጸልየው ይሸኙታል? ወይስ ወረቀትና ብዕር አቅርበውለት የሚያስታውሰውን ስም ሁሉና አስከሬኖቹ የተጣሉበትን ቦታ ጽፎ፣ በራሱ ስም ፈርሞ፣ በራሱ እጅ ወደ ቤተሰቦቹ እንዲወስድ ያዙታል?