«ልቤ ሲነሣሣ እጀምራለሁ» ለሚሉ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፤ ደጋ ላይ የደረበውን ካፖርት ቆላ ሲደርስ ማውለቁ አይቀርም። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ተራራ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሜዳ በጥቂት ሰዓት ሲወርድ ወበቁ ከመንገድ ላይ ይቀበለዋል። እንዲህ ባለ ሙቀት መካከል ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ መናገር ቀልድ የሚመስለው ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

በይፋት ቆላ ማሽላና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ የእኛን ምክር አይሻም፤ ሲያርስ፤ ሲያርምና ሲያጭድ ይውላልና። ምክራችን የሚመለከተው ከወንበር ጋር የተወዳጀውን የከተማ ሰው ነው። አባቶቻችን ወደ ገበያ በእግራቸው ወርደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ሠራተኛና ባለ ሱቅ ከቤቱ እስከ ሥራው በባጃጅ ይሄዳል፤ ሲቀመጥ ይውላል፤ ማታም ስልኩን ይዞ ይጋደማል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠባበቀው ወጣት ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና አለበት፤ የሚነሣበት ጉዳይ ያጣ ሰው ከአልጋው መነሣት ይከብደዋልና። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የባለጠጎች ብቻ ናቸው የሚባልበት ዘመን ማለፉን ደግሞ ማንም አይስተውም።

«ስፖርት ብሠራ እወድ ነበር፤ ነገር ግን ልቤ አልነሣሣ አለኝ» የሚለው ምክንያት የተለመደ ነው። የምንቃወመውም ይህንኑ ነው። መነሣሣት ከሥራ በፊት የሚመጣ የሚመስለው ሰው ሲጠብቅ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ መነሣሣት የሚመጣው ሰውነት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነውና። በይፋት የሱብሒ አዛን ሲሰማ ሙስሊሙ፤ ደወል ሲደወል ክርስቲያኑ ማልዶ ይነሣል። «ዛሬ ደስ ብሎኛል ወይ?» ብሎ ራሱን አይመረምርም፤ ሰዓቱ ደርሷልና ይነሣል። ይህን ስንል ጸሎትን ከስፖርት ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ የተወሰነ ሰዓት ያለው ነገር የልብን ፈቃድ እንደማይጠብቅ ለማሳየት ብቻ ነው።

ስለዚህ እንቅስቃሴን ከአንድ የታወቀ የቤት ጉዳይ ጋር ማያያዝ ይበጃል። የጠዋቱ ጀበና ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል። ከበርጩማ ላይ 10 ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት፤ ከግድግዳ አንድ እርምጃ ርቆ በሁለት እጅ 10 ጊዜ መግፋት፤ በእግር ጣት 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት፤ በመጨረሻም ባሉበት ቆሞ 2 ደቂቃ መርገጥ። ልብ በሰነፈበት ቀን ደግሞ 3 ቁጭ ብድግ ብቻ ይሁን፤ ቀኑ ግን ባዶውን አይለፍ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፤ በተጨማሪም ቢያንስ በ2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲያደርግ ይመክራል። ቀድሞ ይቆጠር የነበረው ቢያንስ 10 ደቂቃ የዘለቀ እንቅስቃሴ ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ግን ይህን ገደብ አንሥቶ ጥቂቱም ከምንም እንደሚሻል ገልጿል።

ሙቀቱን በተመለከተ፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰዓት ለቆላ ሰው የተመቸ ነው። ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ራስ ሲያዞር ወዲያው ማቆም ይገባል፤ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። በመንገድ ላይ መሮጥ ለሚያሳፍራቸው እናቶችና እኅቶችም የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ተመልካች የለውም። ለከተማው የመጫወቻ ሜዳና ጥላ ያለው መንገድ እንዲሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሜዳው እስኪሠራ ግን ሰውነት አይጠብቅም።

የሸዋው ተወላጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈ በኋላ፤ ሣር ላይ ተጋድሞ ያለ አንዳች መሣሪያ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተደንቆ ተመልክቶታል። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ተወዳድሯል። እግሩ ቢታሰርበት ክንዱን አሠራ።

ከእኛ መካከል ሻምበል አበበ ከነበረው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገ ጠዋት ጀበናው ሲጣድ ልባችንን ሳንጠይቅ ከበርጩማችን ብድግ እንበል፤ ልብ ኋላ ይከተላል።